የአሥር ቀን ፈቃድ

መተሐራ መውጫ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች የቆርቆሮ ጎሚስታ ቤት፣ እኩለ ቀን ላይ፤ በሰፈሩ «ሙላት» የሚባለው ወጣቱ ጎሚስታ አየልኝ የጭነት መኪና ጎማ ሊፈታ ጎንበስ ባለበት፣ ተራ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ የቀድሞ አለቃው ሃምሳ አለቃ ታፈረ፣ በሩ ላይ ቆሞ አልሄድም ብሎታል።

አየልኝ፦ ተሳስተዋል አልኩዎት እኮ ጋሼ! ስሜ ሙላት ነው። አየልኝ የሚባል ሰው አላውቅም። የሚሠራ ጎማ ካለዎት ያምጡት፤ ከሌለዎት ከበሩ ዞር ይበሉልኝ፣ ብርሃን ከለከሉኝ።

ታፈረ፦ አየልኝ ብዬ ስጠራህ ቁልፉ ከእጅህ ወደቀ።

አየልኝ፦ ላብ ነው። መተሐራ ነው ያሉት፤ እዚህ አገር ቁልፍ ከማንም እጅ ይወድቃል።

ታፈረ፦ እስኪ ግራ መዳፍህን አሳየኝ።

አየልኝ፦ ምን ያደርግልዎታል?

ታፈረ፦ ከአውራ ጣትህ ሥር ጠባሳ አለ። የሰርዲን ቆርቆሮ በሳንጃ ስትከፍት የቆረጠህ ነው። ደሙ አልቆም ሲል ካልሲዬን አውልቄ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። ካልሲው እንዳልታጠበ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አየልኝ፦ በሩን ይዝጉት። አይ፣ አይዝጉት። ክፍት ይሁን፣ ውጭውን ልየው።

ታፈረ፦ እንደምን ዋሉ ማለት የለም?

አየልኝ፦ እንደምን ዋሉ አለቃ። ስንት ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?

ታፈረ፦ አንድ።

አየልኝ፦ ያ ባጃጅስ? ካወረደዎት ሩብ ሰዓት አልፎታል። ለምን አይሄድም?

ታፈረ፦ ደርሶ መልስ ነው የያዝኩት። ጉልበቴን ታውቀዋለህ፤ ከዚህ እስከ መናኸሪያ አያደርሰኝም።

አየልኝ፦ ሾፌሩ ወዲህ እያየ ነው።

ታፈረ፦ ሾፌሩ ተኝቷል አየልኝ። አፉን ከፍቶ ነው የተኛው። ሰው ሊይዝ የመጣ ፖሊስ አፉን ከፍቶ አይተኛም።

አየልኝ፦ ሲቪል የለበሰ ከሆነ ይተኛል። እርስዎም ሲቪል ለብሰዋል።

ታፈረ፦ እኔ የለበስኩት ሌላውን ስላስወለቁኝ ነው።

አየልኝ፦ ማን ነው ያስወለቀዎት?

ታፈረ፦ እደርስበታለሁ። የሚቀመጡበት ነገር አለህ?

አየልኝ፦ ያ በርጩማ አለ። መጀመሪያ ግን ስልክዎን ያውጡ። እዚያ ጎማው ላይ ያስቀምጡት። ፊቱን ወደ ላይ፤ እየቀረጸ እንዳልሆነ ልየው።

ታፈረ፦ ይኸው። ቁጥር ብቻ ያላት ስልክ ናት፤ ከደወለችልኝም ትልቅ ነገር ነው። ኪሴንም ልገልብጥልህ?

አየልኝ፦ ይገልብጡልኝ።

ታፈረ፦ መሀረብ። የጉልበት ኪኒን። የአውቶቡስ ትኬት። የፍርድ ቤት መጥሪያ።

አየልኝ፦ መጥሪያ! ጠርጥሬያለሁ እኮ! የኔ ነው አይደል?

ታፈረ፦ ማንበብ ታውቃለህ። ስሙን አንብበው።

አየልኝ፦ «ተከሳሽ፣ ሃምሳ አለቃ ታፈረ ደርቤ...» እርስዎ? ተከሳሹ እርስዎ ነዎት?

ታፈረ፦ ወደ ታች ውረድ።

አየልኝ፦ «...ወታደር አየልኝ ምንውየለት ከሠራዊቱ እንዲኮበልል እያወቀ በመርዳት ወንጀል...» እንዲኮበልል? እኔ ነኝ የኮበለልኩት?

ታፈረ፦ ምን ብለው እንዲጽፉልህ ነበር የፈለግከው? ለሽርሽር ሄደ?

አየልኝ፦ ከፈቃድ ቀረ ነዋ! ፈቃድ ነበረኝ እኮ፤ አሥር ቀን። እርስዎ ነዎት የፈረሙልኝ።

ታፈረ፦ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ስምህ «ከፈቃድ የዘገየ» ነበር። በወሩ «ያለ ፈቃድ የቀረ» ሆንክ። ቆየት ብሎ «የኮበለለ» ብለው በቀይ ጻፉህ። ቃሉ በተቀየረ ቁጥር ቅጣቱም አብሮ ይቀየራል። እኔም መዝገቡ ላይ ሳይህ አንተ አንተን አትመስለኝም ነበር።

አየልኝ፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው እኮ። ይርጋ የሚባል ነገር የለውም?

ታፈረ፦ ጠበቃዬን ይህንኑ ጠየቅኳት። ሳቀች። «ሰውየው እኮ እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ዛሬም እየኮበለለ ነው፤ ያላለቀ ነገር ከምን ተነስተን ይርጋ እንቁጠርለት?» አለችኝ።

አየልኝ፦ እኔ እዚህ ተቀምጬ ጎማ እየሠራሁ፣ እየኮበለልኩ ነው?

ታፈረ፦ ቁጭ ብለህ እየሮጥክ ነው። እንዲያ ነው ያለችው።

አየልኝ፦ እርስዎንስ ምን አደረጉዎት?

ታፈረ፦ ሰባት ወር ታሰርኩ። ከዚያ በዋስ ለቀቁኝ። ከሥራ ታግጄ፣ ማዕረጌን አስረክቤ ቤት ነው ያለሁት። ሃያ ሁለት ዓመት ከለበስኩት ልብስ የቀረኝ ይህ ቀበቶ ብቻ ነው።

አየልኝ፦ ሰባት ወር? በኔ ምክንያት?

ታፈረ፦ በፊርማዬ ምክንያት። አንተ የለህም፤ ፊርማዬ ግን ነበረች።

አየልኝ፦ እኔ... ቢበዛ ይቆጡዎታል ብዬ ነበር።

ታፈረ፦ ተቆጡኝ። በደንብ አድርገው ተቆጡኝ።

አየልኝ፦ እዚህ መሆኔን ማን ነገረዎት?

ታፈረ፦ የክፍለ ጦሩ ሾፌር የነበረ አንድ ልጅ አሁን ጂቡቲ መንገድ ላይ ቦቴ ይነዳል። እዚህ ጎማ አሠርቶ ነበር። «መተሐራ ላይ አየልኝን የመሰለ ጎሚስታ አየሁ፤ አስተያየቱ ሳይቀር እሱን ነው» አለኝ።

አየልኝ፦ መቼ ነው ይህን የነገረዎት?

ታፈረ፦ አራት ወር ይሆነዋል።

አየልኝ፦ አራት ወር! አራት ወር ሙሉ ለማን ለማን ነገሩ?

ታፈረ፦ ለማንም።

አየልኝ፦ ለባለቤትዎስ?

ታፈረ፦ ለእሷማ ብነግራት ኖሮ በበነጋው እዚህ መጥታ በጆሮህ ትጎትትህ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ስንቅ ያመላለሰችው እሷ ናት።

አየልኝ፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ዓይኔን እያዩ ይመልሱልኝ። «እሱን አምጣልን፣ አንተን እንተውሃለን» ብለውዎታል?

ታፈረ፦ መጀመሪያ እስክጨርስ ትሰማኛለህ?

አየልኝ፦ ይመልሱልኝ እንጂ!

ታፈረ፦ ብለውኛል።

አየልኝ፦ ይኸው! ገና በሩ ላይ ሲቆሙ ነው ያወቅኩት! በየት በኩል ናቸው? በሐዲዱ በኩል ነው የቆሙት?

ታፈረ፦ ያነሣኸውን ብረት አስቀምጥ አየልኝ።

አየልኝ፦ በየት በኩል ናቸው ነው የምልዎት!

ታፈረ፦ በየትም በኩል የሉም። ልትመታኝ ከሆነ ግን ቀኝ ጉልበቴን ተውልኝ፤ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።

አየልኝ፦ አይቀልዱብኝ!

ታፈረ፦ አልቀለድኩም፤ እየለመንኩህ ነው። ስማኝ። ዓቃቤ ሕጉ እንዲያ ያለኝ ቦቴ ነጂው ካገኘኝ በኋላ ነው። የት እንዳለህ እያወቅኩ «የት እንዳለ አላውቅም» አልኩት። ልሰጥህ ብፈልግ ያን ዕለት አንዲት ቃል ትበቃኝ ነበር። መተሐራ ማለት ብቻ።

አየልኝ፦ ለምን አላሉም?

ታፈረ፦ በፖሊስ ተይዘህ ከመጣህ «የተያዘ» ነህ። ካቴና ያጠለቀ ሰው ስለ እኔ የሚናገረውን ማን ያምነዋል? በራስህ እግር ከገባህ ግን እጁን የሰጠ ትባላለህ። ዳኛውም ቀና ብሎ ያይሃል። ለአንተም ይቀልልሃል፣ ለእኔም ይጠቅመኛል።

አየልኝ፦ ስለዚህ ለራስዎ ብለው ነው የመጡት።

ታፈረ፦ ለራሴ ብዬ ነው። ለአንተ አዝኜ ነው የመጣሁት ብልህ ታምነኝ ነበር?

አየልኝ፦ አላምንዎትም።

ታፈረ፦ እኔም ለዚያ ነው ያላልኩህ።

አየልኝ፦ ይቀመጡ እሺ። ብረቱን አስቀምጫለሁ። ከእጄ ግን ሩቅ አይደለም።

ታፈረ፦ አይቼዋለሁ። ሐሙስ መከላከያ ምስክር የማሰማበት ቀን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት መከላከያን ያገለገልኩ ሰው አንድ የመከላከያ ምስክር አጣሁ።

አየልኝ፦ የሻምበላችን ወታደሮችስ?

ታፈረ፦ ጥሩ ሰው እንደሆንኩ ይመሰክራሉ። ጥሩ ሰውነቴን ማንም አልከሰሰውም። የተከሰስኩት እንደምትጠፋ ታውቅ ነበር ተብዬ ነው። ማወቅ አለማወቄን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ በምድር ላይ አንተ ብቻ ነህ።

አየልኝ፦ ደብዳቤ ልጻፍልዎት። አሁኑኑ ልጻፍ። አሻራዬንም አደርግበታለሁ።

ታፈረ፦ ደብዳቤ መስቀለኛ ጥያቄ ሲጠየቅ አይመልስም።

አየልኝ፦ እኔ እኮ ቤተሰብ አለኝ አለቃ። ሚስት አለችኝ። የአምስት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። አሁን እናቷ ለክትባት ጤና ጣቢያ ይዛት ሄዳለች። መስታወት ትባላለች ባለቤቴ።

ታፈረ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት። አንተን ማን ብላ ነው የምትጠራህ?

አየልኝ፦ ሙላት ነዋ።

ታፈረ፦ አታውቅም ማለት ነው።

አየልኝ፦ «ወላጅ አልባ ነኝ፣ ከወለጋ ነው የመጣሁት» ነው ያልኳት። እናቴ አገር ቤት በሕይወት አለች፤ ልጄን አላየችም። መስታወት «ማዘጋጃ ቤት ሄደን ጋብቻችንን እናስመዝግብ» ትላለች። እኔ ዛሬ ሥራ አለ፣ ነገ ሰልፉ ረጅም ነው እላለሁ። ሌላ ሚስት ያለችኝ መስሏት ኪሴን ትፈትሻለች።

ታፈረ፦ የልጅቷን የልደት ወረቀትስ? አባት በሚለው ላይ ማንን ልታስጽፍ ነው?

አየልኝ፦ እሱን ጥያቄ እኔም ራሴን አልጠይቀውም፤ እርስዎም ይተዉት።

ታፈረ፦ ተውኩት። አሁን ግን የኔ ተራ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር የተሸከምኩት ጥያቄ አለኝ። አባትህ ታሞ ነበር?

አየልኝ፦ ምን ማለትዎ ነው?

ታፈረ፦ ታሞ ነበር ወይስ አልታመመም?

አየልኝ፦ አባቴ ሞቷል እኮ! አገር ቤት በገባሁ በስድስተኛው ቀን ነው የሞተው። አፈሩን በገዛ እጄ ነው የመለስኩበት። እርስዎም እንደዚህ ይጠረጥሩኛል?

ታፈረ፦ ነፍሱን ይማር። ይቅር በለኝ፣ አልሰማሁም ነበር። ዓቃቤ ሕጉ «የታመመ አባት የሚባል ነገር የለም፤ ተነጋግራችሁ የፈጠራችሁት ነው» እያለ ሲደጋግምብኝ፣ እስር ቤት ጋደም ብዬ «እውነቱን ይሆን እንዴ?» እል ነበር።

አየልኝ፦ አይ አለቃ።

ታፈረ፦ ሰባት ወር ጣሪያ ስታይ ሁሉንም ሰው ትጠረጥራለህ። ታዲያ ከቀብሩ በኋላ ለምን አልተመለስክም? አራት ቀን ነበረህ።

አየልኝ፦ በአሥረኛው ቀን መናኸሪያ ሄጄ ነበር። እግዜር ያውቃል፣ ትኬት ቆርጫለሁ። አውቶቡሱ ሞልቶ ረዳቱ ስሜን ይጠራል፤ እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ። እግሬ አልነሳ አለኝ። ሄደ። በማግስቱ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። በሳምንቱ አሁንማ ያስሩኛል አልኩ። በወሩ ሚሊሻ መጥቶ እናቴን ጠየቃት፤ በዚያው ማታ ከአገር ቤት ወጣሁ። ሁለት ቀን መዘግየት ፈርቼ ሁለት ዓመት ዘገየሁ።

ታፈረ፦ ሁለት ቀን ብትዘገይ እኮ የምቀጣህ እኔ ነበርኩ። ሽንት ቤት ታጥባለህ፣ አንድ ሳምንት ጥበቃ ትቆማለህ፤ አለቀ።

አየልኝ፦ ያን ጊዜ ይህን ማን ነገረኝ?

ታፈረ፦ ጥሩ ነው። ይህንን ለዳኛው እንዳለ ብትነግረው ያዝንልሃል። እኔ ግን አላምንህም።

አየልኝ፦ የቱን ነው የማያምኑት?

ታፈረ፦ ቀብሩን አምናለሁ። ትኬቱንም አምናለሁ። ስትወጣ ልትመለስ እንደነበር ነው የማላምነው።

አየልኝ፦ ለምን?

ታፈረ፦ ካምፕ ትተኸው በሄድከው ሳጥን ምክንያት። በሦስተኛው ሳምንት ከፈቱት። የደንብ ልብስህ ታጥቦ ተጣጥፏል። የራስህ የሆነ አንዲት ክር የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሠራዊት መታወቂያህ ተቀምጧል።

አየልኝ፦ ረስቼው ነው።

ታፈረ፦ ረስተኸው? ቀበቶው መሀል ላይ፣ ጠርዙ ተስተካክሎ?

አየልኝ፦ ስቸኩል...

ታፈረ፦ የቸኮለ ሰው ቀበቶ ጠቅልሎ መሀሉ ላይ መታወቂያ አያስቀምጥም። እንዲያ የሚያስቀምጠው ዕቃ የሚያስረክብ ሰው ነው።

አየልኝ፦ እርስዎ የመጡት ሊጠይቁኝ ነው ወይስ ሊመረምሩኝ?

ታፈረ፦ ሐሙስ የሚመረምርህ ከእኔ የባሰ ነው። የበር ጥበቃው ደግሞ መስክሮብኛል። «ቦርሳውን እስከ በሩ ድረስ ተሸክሞ የሸኘው ሃምሳ አለቃ ታፈረ ነው» ብሏል። እውነቱን ነው። ትከሻዬን አሞኛል አልከኝ፤ ተሸከምኩልህ። ምን ይዘህ ነው ስልህ ምን አልከኝ?

አየልኝ፦ ለአባቴ ብርድ ልብስና መድኃኒት።

ታፈረ፦ ምን ነበር?

አየልኝ፦ ነገርኩዎት እኮ፤ ብርድ ልብስ።

ታፈረ፦ አየልኝ፣ ምን ነበር የተሸከምኩት?

አየልኝ፦ ሙሉ ዕቃዬ ነበር። ሸሚዞቼ። ጫማዬ። መጽሐፎቼ። ላልመለስ ሁሉን ጠራርጌ ነው የወጣሁት።

ታፈረ፦ እህ።

አየልኝ፦ አባቴ ታሞ ነበር፣ እሱ ውሸት የለውም። ባይታመምም ግን እሄድ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በአጥሩ ልወጣ ተነሥቼ ተመልሻለሁ። የአባቴ መልእክት ሲደርሰኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አይደለም። በር የተከፈተልኝ ነው የመሰለኝ።

ታፈረ፦ ምን ሆነህ ነው? ካምፕ ነበርን፤ ጦርነት የለም፣ ረኀብ የለም። ማን በደለህ?

አየልኝ፦ ማንም አልበደለኝም። ወታደር የጫነው ኦራል መኪና ገደል የገባ ዕለት ትዝ ይልዎታል?

ታፈረ፦ እሱን ማን ይረሳል?

አየልኝ፦ መጀመሪያ ወርጄ ስድስቱን ጓዶቻችንን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዱ ሳወጣው በሕይወት ነበር። እጄን ይዞኝ ነበር፤ እንደያዘኝ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ስይዝ ግራ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሰልፍ ላይ በቀኜ ጨብጬው ነበር የምቆመው። ፈሪ እንዳልባል ፈራሁ።

ታፈረ፦ ለምን አልነገርከኝም? ሐኪም አለ፣ የሕክምና ቦርድ አለ። በቦርድ ትሰናበት ነበር፤ ወረቀትህን ይዘህ፣ በፊት ለፊቱ በር፣ በስምህ።

አየልኝ፦ ቦርድ እግሩ ለተቆረጠ ነበር የሚመስለኝ። እጄ እኮ አለ።

ታፈረ፦ አይ አየልኝ።

አየልኝ፦ አሁን እውነቱን ሰምተዋል። ይህንን ሐሙስ ብናገር ምን እሆናለሁ? እንዳይሸፍኑብኝ።

ታፈረ፦ አልሸፍንብህም። ኩብለላ የሚባለው ላልመለስ ብሎ አስቦበት መውጣት ነው። አንተ በአፍህ «አስቤበት ነው» ካልክ ክርክሩ አለቀ። የሚጠብቅህ የዓመታት እስራት ነው። በጦርነት ጊዜ ከግንባር ቢሆን ኖሮ የሚያስፈራ ነበር፤ ካምፕ መሆንህ ይረዳሃል። የአባትህ ሞት ይረዳሃል። ሕመምህ በሐኪም ከታየ ይረዳሃል። በእግርህ መግባትህ ከሁሉ ይበልጥ ይረዳሃል። ስም ለውጠህ መኖርህ ይጎዳሃል።

አየልኝ፦ ስንት ዓመት ልበል?

ታፈረ፦ ዳኛ አይደለሁም። ቁጥር ብነግርህ ዋሽቼሃለሁ።

አየልኝ፦ «ሐዘን ነው ያስቀረኝ» ብዬ ብከራከርስ? ቀብሩ እውነት ነው፤ ከቀብሩ በኋላ ሐሳቤን ቀይሬ ትኬት መቁረጤም እውነት ነው።

ታፈረ፦ ይቀልልሃል። ሳጥኑን ያላየ ዳኛ ካጋጠመህ።

አየልኝ፦ ካየስ?

ታፈረ፦ ሁለታችንም ውሸታም እንሆናለን። «ቦርሳውን ያሸከመውና የተሸከመው ተመካክረው ነው» ይባላል።

አየልኝ፦ ስለዚህ እርስዎ እንዲወጡ እኔ መግባት አለብኝ። «አስቤበት ነው፣ ዋሽቼው ነው፣ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም» ማለት አለብኝ።

ታፈረ፦ ያው ነው።

አየልኝ፦ አሁን ገባኝ። ካልሲ፣ ሰርዲን፣ ጉልበት እያሉ ያለሳለሱኝ ለዚህ ነው። ይህችን ቃል ከአፌ ሊያወጡ ነው።

ታፈረ፦ አዎ። ለእሷ ነው የመጣሁት። ሌላ ምን ልበልህ?

አየልኝ፦ ቆይ ግን። እኔም አንድ ትዝ ያለኝ ነገር አለ። ፈቃዱን የፈረሙልኝ ዕለት ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አድርገው ቆዩ። የመቶ አዛዡ የለም፣ ቢሮው ውስጥ እኔና እርስዎ ብቻ ነን። ረጅም ጊዜ ነው የቆዩት። ምን እያሰቡ ነበር?

ታፈረ፦ ብዕሩ አልጽፍ ብሎኝ ነዋ።

አየልኝ፦ ከፈረሙ በኋላ የጻፈ ብዕር ከመፈረምዎ በፊት አልጽፍ አለ?

ታፈረ፦ ብዕር ነው፤ ምን ይታወቃል።

አየልኝ፦ አለቃ፣ እኔ ነግሬዎታለሁ። ለሚስቴ ያልነገርኩትን ነው የነገርኩዎት። አሁን ተራው የእርስዎ ነው።

ታፈረ፦ እጅህን እያየሁ ነበር።

አየልኝ፦ የትኛውን?

ታፈረ፦ ግራውን። ኪስህ ውስጥ ከተኸዋል። ኪሱ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

አየልኝ፦ ጠርጥረው ነበር።

ታፈረ፦ በኋላ ቦርሳውንም ሳነሣው ብርድ ልብስ እንዳይደለ ክብደቱ ነገረኝ። ደግሜ ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኛለህ ብዬ ፈራሁ። ከነገርከኝ ደግሞ ፈቃዱን ቀድጄ ላስይዝህ ነው። ያን ማድረግ አልቻልኩም። ገና ብዕሩን ይዤ ሳለሁም፣ ወረቀት ይዞ ከወጣ ምናልባት አባቱን ጠይቆ፣ ትንሽ አልቅሶ ይመለሳል አልኩ። ካልፈረምኩለት ወይ በአጥር ይወጣል፣ ወይ አንድ ቀን ጠመንጃውን ወደ ራሱ ያዞረዋል አልኩ። ፈረምኩ።

አየልኝ፦ ይህን ለጠበቃዋ ነግረዋታል?

ታፈረ፦ ለማንም አልነገርኩም። ለባለቤቴም።

አየልኝ፦ እና እኔ ሐሙስ ቀኝ እጄን አንሥቼ «አለቃዬ አልጠረጠረም» ብዬ ልምል ነበር?

ታፈረ፦ አዎ። እንድትምልልኝ ነበር የመጣሁት። እዚህ በርጩማ ላይ እስክቀመጥ ድረስ ሐሳቤ እሱ ነበር። አንተ ዋሽተሃል ብዬ ስለማምን፣ የኔ ውሸት ትንሽ መስሎ ታይቶኝ ነበር።

አየልኝ፦ አሁንስ?

ታፈረ፦ አሁን አንተ እውነቱን ተናገርክ። ዓመታት የሚያሸክምህን ነገር ሳትደብቅ ተናገርክ። እኔ ደግሞ ከአጠገብህ ቆሜ ንጹሕ ነኝ ልል አልችልም። ተወው፤ አንተ እዚሁ ሁን። ሐሙስ ብቻዬን እገባና «ጠርጥሬ ነበር፣ ዝም ብዬ ፈረምኩ» እላለሁ።

አየልኝ፦ ይፈርዱብዎታል እኮ! ማዕረጉ በዚያው ይቀራል፣ ጡረታው ይሄዳል። ተመልሰው ይገባሉ።

ታፈረ፦ አውቃለሁ።

አየልኝ፦ እያጠመዱኝ ነው? እንዲህ ሲሉኝ ሆዴ ባብቶ ተነሥቼ እንድከተልዎት?

ታፈረ፦ እኔንስ ይህ ጥርጣሬ ገደለኝ። ሁለት ዓመት አንተን ስጠረጥር፣ እነሱ እኔን ሲጠረጥሩ፣ አንተ የተኛ ባጃጅ ነጂ ሳይቀር ስትጠረጥር። በቃኝ። የት እንዳለህ አልናገርም፣ አትስጋ። ሚስትህን ግን ንገራት፤ ኪስህን ስትፈትሽ አትኑር። ልሂድ፣ የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ ያመልጠኛል።

አየልኝ፦ ይቀመጡ አለቃ። መስታወት ስትመጣ አጠገቤ ይሁኑልኝ፣ ብቻዬን አልነግራትም። ሐሙስ ግን መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፤ እርስዎ የሚናገሩት ከኔ የተረፈ ካለ ነው።